ይማም ቀልድ የተወበት እሁድ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አዋሽ ወንዝ ዳር የጥጥ እርሻ በተስፋፋበት ሰሞን። ዓመቱን በትክክል አላውቀውም፤ የመጀመሪያ ልጄን ከመውለዴ በፊት እንደነበር ግን አልረሳም። የተዋናዩ የይማም ስም በተነሳ ቁጥር ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

እኔ እግሬ አንድ ቦታ የማይረጋ ሰው ነበርኩ። ከወሎ ወጥቼ ጭፍራ ከረምኩ፤ ከዚያ ከሎጊያ በታች የጥጥ ለቃሚዎቹ ካምፕ አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት ከፈትኩ። ይማም እዚያው ጥጥ መዛኝ ነበር፣ የወሎ ልጅ፣ ቀጭን እንደ ሸምበቆ። እሁድ እሁድ መጋዘኑ ጥላ ሥር የጥጥ እስር ላይ ይወጣና ብቻውን ቆሞ ሰው ያስቃል። ከበሮ የለ፣ ጓደኛ የለ፣ በአፉ ብቻ።

ካቦው፣ የለቃሚዎቹ አለቃ ማለት ነው፣ "ይማም፣ ነገ ሚዛኑ ላይ የምሰቅለው አንተን ነው" ይለዋል።

"ጌታዬ ይስቀሉኝ፤ ሚዛኑ 'ባዶ ነው' ብሎ ይመልሰኛል።"

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብለው የአገሩን ወሬ አንድ በአንድ ይነጋገራሉ። ውሃ የት እንዳለ፣ ጠብ የት እንደተነሳ የሚያውቁት በዚያ ነው። ዳጉ ላይ መዋሸት ከባድ ነውር ነው። የዋሸ ሰው ወሬው ዳግመኛ አይሰማም፤ ለሱም የሚነግረው የለም። በዚያ በረሃ ወሬ የማይነገረው ሰው ደግሞ እንደ ዕውር ነው።

የዚያን እሁድ ጠዋት ይማም ዳጉን ለቀልድ አደረገው። ሁለት አፋሮች ተገናኝተው ሲጠያየቁ፣ እሱ ሁለቱንም ሆኖ፣ በጥሩ አፋርኛ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። "ላይኛው ግድብ ተሰብሯል፤ ውሃው እየመጣ ነው" አለ። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ፤ ውሃው የካቦውን ባርኔጣ ይዞ ሲሄድ፣ ካቦው ከኋላ እየዋኘ "ያለ ፈቃድ ከሥራ ወጥተሻል!" እያለ ባርኔጣዋን ሲቆጣት አሳየን። በሳቅ ፈረስን።

ወተት ይዞ የመጣ አንድ የአፋር ሰው ግን አማርኛው ሳይጀመር ተነስቶ ሄዶ ነበር። የሰማውን ይዞ ሄደ።

ከቀትር በፊት ወንዙ ዳር የነበሩት የአፋር ቤተሰቦች የሰሌን ቤታቸውን ነቅለው፣ ግመል ላይ ጭነው ወደ ከፍታው ወጡ። ዛሬ ሰመራ ከተማ ያለችበት ሜዳ ነው፤ ያኔ ጥላ የሚባል ነገር አልነበረውም። ፋጡማ ወተት የምታመጣልኝ ወዳጄ ነበረች፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል። እሷም አብራ ወጣች አሉኝ።

ይማም ፊቱ አመድ መስሎ ሻይ ቤቴ ገባ። "ዘይኔ፣ በአላህ፣ አብረሽኝ ነይ። አንቺን ያውቁሻል።"

ውሃ ይዘን በዚያ ፀሐይ ሄድን። ስንደርስ ፋጡማ ምጥ ይዟታል፤ ሴቶች ሰሌን በእጃቸው ዘርግተው ጥላ ሆነውላታል። ይማም የአፋሮቹ ሽማግሌ ፊት ቆመ።

"አባቴ፣ ውሃ የለም። ወላሂ ቀልዴን ነው። ተመለሱ።"

ሽማግሌው ረጋ ብለው አዩት። "የቱን እንቀበል? የጠዋቱን ወይስ የአሁኑን? ሁለቱንም የተናገረው አንድ አፍ ነው።"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?"

ከወንዙ ንጋት ላይ ውሃ ቀድቼ እንደመጣሁ፣ አሁን ስንወጣም ወንዙ ከቦታው ንቅንቅ እንዳላለ፣ ይማም ሰው ለማሳቅ እንደተናገረው፣ እኔም እንደሳቅሁ ነገርኳቸው። አመኑኝ። ግመሎቹን አዞሩ። ፋጡማ ግን መንቀሳቀስ ስላልቻለች እዚያው ሴት ልጅ ወለደች። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደህና ሆኑ።

ይማም ለአራሷ ፍየል እንዲያርድ ተፈረደበት። ከዚያ ሽማግሌው፣ "ያልሆነ ነገር መናገር ካማረህ ራስህን ሆነህ አትናገር። አንተ አለመሆንህን ሕፃን እንኳ ይወቅ" አሉት።

በሚቀጥለው እሁድ ይማም የጥጥ ጺም ለጥፎ፣ ጎብጦ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ መጣ። ገና ሳይጀምር በሁለቱም ቋንቋ "እኔ ይማም አይደለሁም፤ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ነኝ" አለ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ሌላ ሰው እየሆነ ነው የሚቆመው፤ ደንቆሮ ዳኛ፣ ገብጋባ ነጋዴ፣ ባሏን የምትቆጣ ሴት። አዋሽ ባቡር ጣቢያ ለበዓል ሲጫወት ከአዲስ አበባ የመጡ ተዋንያን አዩትና ወሰዱት። ስሙ ገነነ።

እኔም ዞሬ ዞሬ አዋሽ ከተማ ገብቼ ኖርኩ። ሲያልፍ ጎራ ይል ነበር። ሰዎች "ይማም፣ እስቲ አንድ ቀልድ!" ሲሉት ፈገግ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ታዋቂ ሲሆን ኮራ አሉት። እኔ እንዳልኮራ አውቃለሁ። ወሬ ስጠይቀው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ይነግረኛል፤ አንዲት አይጨምርም።

አሁን እሱም የለም፣ ሽማግሌውም የሉም። ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለኝ። ያ ወተት ያመጣው ሰው ደንግጦ ሲነሳ አይቼዋለሁ፤ ከጎኔ ነበር የተቀመጠው። ልብሱን ያዝ አድርጌ "ቆይ፣ ጨዋታ ነው" ብለው ይበቃ ነበር። አፋርኛም እችል ነበር። ግን ይማም የሚቀጥለውን ሊናገር ነውና ሳቁ እንዳያመልጠኝ ብዬ ዓይኔን መለስኩ።

ሽማግሌው ምን አየሽ ሲሉኝ ይህን ዘለልኩት። ይማም በተቀጣበት ቀን እኔ ታማኝ ተብዬ ተመሰገንኩ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ተጠነቀቀ፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ እንኳ "ጥፋቱ የኔም ነው" አላልኩትም። ሻይ አፍልቼለት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስንት ጊዜ ልነግረው አስቤ፣ በምትኩ ስኳር ጨመርኩለት።