የአባቴ ቀኝ እግር ከመርሳ እስከ ወልድያ

ከመርሳ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን የተነሳነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከኋላችን ሃያ ሳጥን ቲማቲም፣ ከጎኔ አባቴ። ለሚያየን ቲማቲም ልናደርስ ነው፤ ለእኔ ግን ፈተና ነበር። አባቴ ማታ ቁርጡን ነግረውኛል፦ “መኪናዋ ነገ ወልድያ በደህና ከገባች ያንቺው ናት። ካልሆነ ልሸጣት የተነጋገርኩት ደላላ እዚያው ይረከባት።”

አባቴ ጋሽ ይማም ይህችን አሮጌ ፒካፕ ስንት ዓመት ነድተዋታል። ዐይናቸው ሲደክም ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። መኪናዋም ልክ በዚያው ሰሞን መለገም ጀመረች። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ግን ጉልበቷ ይከዳታል። መርሳ ውስጥ “የሴት እግር አልተስማማትም” ተባለ። እኔ ከድጃ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰምቼ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

አባቴ ሌላ ሰው ሲነዳ አያርፉም። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ፍሬን በሌለበት ወለል ላይ ፍሬን ይይዛል፤ ጓ ሲል ይሰማኛል። ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ዐይናቸውን ከድነው አያውቁም።

መርሳ፣ ሁለት ሰዓት

ከመንገድ ዳር ትኩስ ፓስቲ በሻይ ቀምሰን ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ሲሳይ አባቴን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ኮፈኑን ከፍቶ የናፍጣ ፊልትሮዋን ቀየረ፤ የአየር ማጣሪያዋንም አራግፎ መለሰው።

“ጋሽ ይማም፣ በዚህ ካልተሻላት ፖምፓዋ ነው። ፖምፓ ከሆነ ደግሞ ቢሸጧት ይሻላል” አላቸው። ወደ እኔ ዞሮ “አንቺም ቀስ አድርገሽ እርገጫት እሺ” አለኝ።

ጥርሴን ነከስኩ። ከጄሪካኑ ናፍጣ ሞላሁ፤ የነዳጅ ታንኩን ክዳን አጥብቄ ዘጋሁና ወጣን።

ከመርሳ እንደወጣን መኪናዋ በረረች። በግራ ተራራው፣ በቀኝ የማሽላው ማሳ ወደ ኋላ ይሸሻል። “ፊልትሮዋ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ!” አሉ አባቴ። እኔም በልቤ ደላላውን ተሰናበትኩት።

ሲሪንቃ አካባቢ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ

ቸኩዬ ነበር። ዳገቱ ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማርሽ ወረድኩ። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብረግጠውም መኪናዋ ትንተፋተፋለች እንጂ አትሄድም። አንድ ባለ ባጃጅ ጎናችን ደርሶ “እህት፣ ገመድ ላቀብልሽ?” አለና እየሳቀ አለፈን።

“ጭሷ ምን ይመስላል?” አሉ አባቴ።

በመስታወት አየሁ። “ምንም ጭስ የላትም።”

“አየር ብታጣ ኖሮ ጥቁር ጭስ ታወጣ ነበር። ያጣችው ናፍጣ ነው። አቁሚያት።”

ከሥር ገብቼ ቱቦውን ዳሰስኩ፤ የሚያንጠባጥብ ነገር የለም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደህና የነበረችባቸውን ቀናት አንድ በአንድ አሰብኩ።

“አባዬ፣ ይስሙኝማ። ይህች መኪና ጤና የምትሆነው ሁሌ ናፍጣ ሞልቼ እንደተነሳሁ ነው። ሐራ ገበያ የሄድን ቀንም እንዲሁ ነበር።”

“ታዲያ መሞላቱ ምን ያደርግላታል?”

“መሞላቱ ሳይሆን ክዳኑ መከፈቱ ይመስለኛል።”

የታንኩን ክዳን ማዞር ስጀምር ሽሽሽ የሚል ድምፅ ወጣ። አየር ወደ ውስጥ ይሳብ ነበር። ክዳኑን ስገለብጠው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ተለጥፎበታል፤ አየር የምታስገባውን ትንሽ ቀዳዳ ድፍን አድርጓታል። ናፍጣው ሲጎድል በቦታው አየር ካልገባ ሞተሩ ቢስብ ቢስብ አይመጣለትም።

አባቴ ላስቲኩን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት።

“ይሄን የቆረጥኩት እኔ ነኝ” አሉ። “ናፍጣ የጠፋ ጊዜ፣ ሌባ የናፍጣውን ሽታ ተከትሎ እንዳይመጣ ብዬ አፈንኩት። ቁልፉን ልሰጥሽ ሳምንት ሲቀረኝ። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ ትዝ ብሎኝም አያውቅ።”

ያን ሁሉ ጊዜ የታማሁበትን ሳስብ ልናደድ ይገባኝ ነበር። አልተናደድኩም፤ ደረቴ በኩራት ሞላ። ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጠርጌ ክዳኑን ያለ ላስቲኩ መለስኩት።

“ቢስሚላሂ በይና እርገጫት” አሉኝ።

ረገጥኳት። ዳገቱን ሳታቃስት ወጣችው። ባለ ባጃጁን ስንደርስበት ጥሩምባ ነፋሁለት። እውነቱን ለመናገር ሁለቴ ነው የነፋሁለት።

ወልድያ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ቲማቲሙ አንድም ሳይፈርጥ ለነጋዴው ደረሰ። ደላላው እዚያው ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አባቴ ከመኪናው ሳይወርዱ “ወንድሜ፣ ባለቤቷን ጠይቃት” ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

“አትሸጥም” አልኩት። ይህችን አንዲት ቃል ስናገር የነበረኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

መርሳ እንደገና፣ ዘጠኝ ሰዓት

ስንመለስ አባቴ ጋራዡ ጋ አስቆሙኝ። ሲሳይና ሦስት አራት ሾፌሮች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አባቴ በሩን ይዘው ወረዱና ላስቲኩን ከኪሳቸው አውጥተው ከፍ አደረጉት።

“የልጄን እግር ስታሙ የከረማችሁ፣ ስሙኝ! ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው። ፈልጋ ያገኘችው እሷ ናት።”

ሲሳይ ላስቲኩን አገላብጦ አየው። “ወይ ጉድ! እኔስ ክዳኑን መች አሰብኩት?” አለ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጣና ጨበጠኝ።

መኪና ስታስቸግር ማን እንደነዳት ከመጠየቅ በፊት መቼ ደህና እንደነበረች መጠየቅ ይሻላል። እኔ ከዚህ መንገድ ይዤ የተመለስኩት ይህን ነው።

ከመርሳ ወደ መንደራችን የሚወስደው ኮረኮንች ኩርባ ይበዛዋል። የመጀመሪያው ላይ ስደርስ የአባቴን እግር ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም። ሁለተኛውም ኩርባ በዝምታ አለፈ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ራሳቸውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው አንቀላፍተዋል፤ ቀኝ እግራቸው ወለሉ ላይ ዘና ብሎ ተዘርግቷል።

ደጃችን ደርሼም ሞተሩን ወዲያው አላጠፋሁትም።