ረቡዕና ዓርብ ብቻ የሚያም ሆድ

አሰለፈችን ያዋረዳት የዘይት ቆርቆሮ ነው። ስለ እሷ ለማውራት ከዚያ መጀመር አለብኝ፤ ሌላ ቦታ ብጀምር ራሷ ትቆጣኛለች።

እኔ ዙለይካ እባላለሁ። ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው አለፍ ብሎ ባለው ሰፈር ከባለቤቴ ከመሐመድዘይን ጋር ዘይት እንጨምቅ ነበር። ኑጉን፣ ሰሊጡን፣ ሱፉን፣ ገበሬ ያመጣልንን ሁሉ። አሰለፈች ደግሞ ከግቢያችን ፊት ለፊት ምግብ ቤት ነበራት፤ አምስት ጠረጴዛና አንድ ጓዳ። ወደ ሞጆ የሚወርዱ ሾፌሮች ምሳ ሰዓት ሲደርስ መኪናቸውን አስፋልት ዳር ደርድረው እሷ ጋ ይገባሉ። ቀይ ወጧ ያስለቅሳል፤ እያለቀሱ ይደገም ይላሉ።

በ1971 ዓ.ም. ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እንደማንኛውም ባለ ምግብ ቤት ለጾሙ የሚሆን ዘይት ገዝታ አስቀመጠች። ሦስት ቆርቆሮ ኑግ፤ የሸጥንላትም እኛ ነን። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ቅቤ የማይነካ ሰው ልታበላ ነው፤ ምን ታድርግ? የቀበሌያችን ሊቀመንበር አብተው ግን ሦስት የአብዮት ጥበቃ ልጆች አስከትሎ መጣና «ሕዝቡ ዘይት አጥቶ አንቺ ጓዳሽ ውስጥ ትደብቂያለሽ!» ብሎ ጮኸ።

አንዱን ቆርቆሮ በራሷ ላይ አሸከሟት። አንገቷ ላይ «የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» የሚል ካርቶን አንጠለጠሉባት። በገበያው መሃል፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ድረስ ነዷት። የቆርቆሮው ክዳን አልገጠመም ነበርና ዘይቱ በግንባሯ ወርዶ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ልትጠርገው አልቻለችም፤ ሁለት እጇ ቆርቆሮውን ይዟል። አብተው ከጎኗ እየሄደ «ቀና በይ! ሕዝብ ይይሽ!» ይላል። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ አየሁ። ዘይቱን የሸጥኩላት እኔ ነኝ ብዬ አልጮህኩም። ፈራሁ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ሦስት ወር ታስራ ስትወጣ ምግብ ቤቷ የቀበሌው ክበብ ሆኖ ጠበቃት። በገዛ ጓዳዋ የወር ደሞዝተኛ ወጥ ሠሪ አደረጓት። ከሁሉ የባሰው ግን ስሟ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው «አሰለፈች ቆርቆሮ» አላት። ሕፃኑም፣ ሽማግሌውም፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬም፤ አንዳንዱ ክፋት አስቦ ሳይሆን ለምዶት ነው። እሷ ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር እጇ ወደ ግንባሯ ይሄዳል፣ ዘይት እንደምትጠርግ።

«ዙሌ፣» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ይሄን ስም ከራሴ አውርጄ እሱ ራስ ላይ ሳላስቀምጥ አልሞትም።»

አምስት ዓመት ጠበቀች። አብተው በየቀኑ ክበቡ እየመጣ ምሳውን በነጻ ይበላል፤ እሷ ታቀርባለች፤ «ጓድ ሊቀመንበር» ትለዋለች፤ አንቱ ትለዋለች። ምራቅሽን ወጡ ውስጥ ትተፊያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። «ወጤን አላበላሽም» አለችኝ።

በ1976 ዓ.ም. መስከረም ላይ አብተው ሆዱን ታመመ። ከምሳ በኋላ ይታጠፋል፣ ያስመልሰዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ሐኪም ጨጓራህ ነው ብሎ አንድ ወረቀት ሰጠው። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቡና፣ መጠጥ ክልክል ነው ይላል። ቅቤና ዘይት በጥቂቱ ተፈቅዷል። አብተው ወረቀቱን ለአሰለፈች ወረወረላትና «በዚህ መሠረት ሥሪ። ብትሳሳቺ የት ከርመሽ እንደነበር አስታውሺ» አላት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ ስትመጣ ስትስቅ አየኋት። በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«ጠላቴ ሆዱን በጽሑፍ አስረከበኝ» አለች።

ያሰበችውን ሳትደብቅ ነገረችኝ። ከተከለከለው ውስጥ በየቀኑ አንድ አንድ ነገር ታበላዋለች። አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ፤ ሁለት ከቀላቀለች የትኛው ይበልጥ እንደሚያሠቃየው አታውቅም። ረቡዕና ዓርብ ግን ወረቀቱ እንደሚለው ንጹሑን ትሠራለታለች፤ እነዚያን ቀናት ራሷ ስለምትጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፏ ምንም አይነካም፤ የቅመሙን ልክ ቀምሳ ያላወቀችውን ደግሞ ለጠላትም አታቀርብም። የጓዳዋ ግድግዳ ላይ ወረቀቱን በሊጥ ለጠፈችው። ከሥሩ በከሰል ቀኑን ትጽፋለች፤ ሲያቃስት መስቀለኛ ታደርግበታለች።

ሰኞ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ አልጫው ውስጥ አገባች። አብተው በላ፣ አገሳ፣ ሄደ። ማክሰኞ ሰናፍጭ ከመረቁ ጋር አዋሃደችለት። በላ፣ ሄደ። ሐሙስ ሚጥሚጣ በቅቤ ለውሳ ጥብሱ ውስጥ ሸሸገች። ማቃጠሉ ሳይታወቀው አይቀርም፤ ግን አልጫ ከሰለቸው ቆይቷልና ትንፍሽ አላለም፤ ሳህኑን በእንጀራ ጠርጎ «ዛሬ እጅሽ ጣፍጧል» አላት። ረቡዕና ዓርብ ግን፣ በርበሬ ያልነካው የሽሮ አልጫ የበላ ዕለት፣ ሆዱን ይዞ ወንበር ላይ ተጠቀለለ።

በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ በሬን በርግዳ ገባች። ተናዳለች።

«ሚጥሚጣዬን በልቶ ያመሰግነኛል፤ ሽሮ በልቶ ይንከባለላል! ምን ዓይነት ሆድ ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። ግድግዳውን ለማየት አብሬያት ጓዳዋ ሄድኩ። መስቀለኞቹን በጣቴ እየነካሁ አነበብኩ። ረቡዕ። ዓርብ። ረቡዕ። ዓርብ። እኛ ሙስሊሞች እነዚያን ቀናት አንጾምም፤ ዘይት ሻጭ በመሆኔ ግን ደህና አድርጌ አውቃቸዋለሁ፤ ገበያዬ የሚደራው በእነሱ ዋዜማ ነው።

«አሰለፈች፣ ይሄ ሰውዬ ይጾማል እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው የገባት። በየስብሰባው ሃይማኖትን የሚረግመው አብተው፣ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን «ዛሬ ሥጋ አላማረኝም፤ ሽሮ አምጪ» ይላታል። ለዓመታት ብሏታል። እናቱ በጾም ነው ያሳደጉት፤ ካድሬነቱ ምላሱ ላይ ቀረ እንጂ ሆዱ ድረስ አልወረደም።

ጾሙ እንደማያሳምመው ሁለታችንም እናውቃለን። በጾም ቀን የሚለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ቅቤው ይቀርና ዘይት ይገባል። የክበቡ ዘይት ደግሞ ከቀበሌው ሱቅ የሚመጣ ነው። እንደሚሸት አሰለፈች ታውቅ ነበር፤ ዝንጅብልና ኮረሪማ ጨምራ ነበር ሽታውን የምትሰብረው። በዚያ ዘመን የተሰጠንን እንበላለን፤ ሽታውን ማን ይጠይቃል? የከተማው ሰው ግማሹ ሆዱን ይዞ ነበር የሚሄደው።

በትንሽ ጠርሙስ ቀድታ አመጣችልን። መሐመድዘይን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ በሌላው መዳፉ አሸው፤ አሸተተ፤ ፊቱን አዞረ። ምጣድ አግለን ስናፈስበት አረፋ ደፈቀ፤ ጭሱ ጉሮሮ ያዘን።

«ይሄ ኑግ አይደለም» አለ። «ኑግ በአጠገቡም አላለፈም። የቆየ፣ የተበላሸ የጎመን ዘር ዘይት ነው።»

ጉዱን ያወጣልን የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ሰንበታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ጫት ይቅማል፤ ሲመረቅን ደግሞ አፉ አይዘጋም። እሱ እንዳለን፣ መንግሥት ለቀበሌው የሚልከው ንጹሕ ኑግ ነው፤ አብተው ለሞጆ ነጋዴዎች ይሸጠውና ቆርቆሮውን በዚህ ዝቃጭ ይሞላዋል።

«ታዲያ ራሱ እንዴት ይበላዋል?» አልኩት።

«ለክበቡ አንድ ጥሩ ቆርቆሮ አስቀምጥ ብሎኝ ነበር» አለ ሰንበታ። «እኔስ ልጆች የሉኝም? እሱን ደግሞ እኔ ሸጥኩት።»

አሰለፈች ግን አልቸኮለችም። ሁዳዴ እስኪቃረብ ድረስ ረቡዕና ዓርቦቹን በሙሉ ፈተነቻቸው። አንዱን ረቡዕ በእኔ ኑግ ሠራችለት፤ ደህና ዋለ። ዓርብ በሱቁ ዘይት፤ ተጠቀለለ። በሰሊጥ፣ ደህና። በሱፍ፣ ደህና። በሱቁ ዘይት እንደገና፤ አስመለሰው። ያን ዕለት ባልዲውን ያቀረበችለት ራሷ ነች።

ለሁዳዴ ዋዜማ በሆነው እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። ከአውራጃም አንድ ካድሬ መጥቷል። አብተው መድረክ ላይ ወጥቶ ዘይት ስለሚደብቁ አሻጥረኞች መናገር ጀመረ። እንደ 1971ዱ ያለ እርምጃ እንወስዳለን ሲል፣ አንዳንዱ ዞሮ አሰለፈችን አያት። እሷ የእንግዶቹን ምሳ ይዛ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሁለት ሳህን ብቻ አንሥታ በሰዉ መሃል ወደ መድረኩ ሄደች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ምሳዎ ደርሷል።»

ሰው ሳቀ። አብተው «በኋላ!» አለ።

«ሐኪሙ እንዳዘዘልዎ ነው፤ በርበሬ የለበትም። ይሄኛው በዙለይካ ዘይት ተሠርቷል። ይሄኛው በሕዝብ ሱቅ ዘይት።» ከሁለተኛው ጠቅልላ እጇን ወደ አፉ ዘረጋች። «በሞቴ፣ ይጉረሱልኝ።»

ሦስት መቶ ሰው እያየ፣ በሞቴ የተባለ ጉርሻ ማን ይመልሳል? አብተው ግን ፊቱን አዞረ።

«ያመኛል» አለ በቀስታ።

«ምኑ ያምዎታል? ሽሮ ነው።»

«ጓድ፣ ጉረስ እንጂ» አለ የአውራጃው ካድሬ፣ ፈገግ ብሎ።

አብተው ከንፈሩን ነከሰ። የአሰለፈች እጅ አልተመለሰም። ሽሮው በጣቶቿ መሃል ይንጠባጠባል።

«አብተው፣» አለች፤ አንቱታውን ያን ጊዜ ነው የጣለችው፤ «አንተ የማትጎርሰውን ዘይት ሕዝቡ ለምን ይበላል?»

ካድሬው ተነሥቶ ራሱ ቀመሰ። ወዲያው በመሐረቡ ተፋው። ሰንበታ ነፋሱ ወዴት እንደዞረ አይቶ ማንም ሳይጠይቀው ብድግ አለና ሁሉንም ተናገረ፤ እሱ የሸጣትን አንዷን ቆርቆሮ ግን ረሳት። ካድሬው ወደ አሰለፈች ዞሮ እንዴት እንዳወቀች ጠየቃት። አብተው ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ይለምናል፤ ረቡዕና ዓርብን እንዳትጠራበት ነው።

«ሲያመው ግድግዳ ላይ እጽፍ ነበር» ብቻ አለች።

ለምን ጾሙን አልተናገርሽም ብዬ በኋላ ጠየቅኳት። «አዝኜለት እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ጾሙን ባወጣበት ሰው ያዝንለታል፤ ለሃይማኖቱ ተሰቃየ ይሉታል። እኔ ሌባ ሆኖ እንዲቀር ነው የምፈልገው።»

ከሱቁ አንድ ቆርቆሮ ለማስረጃ ወደ አውራጃ ይሂድ ተባለ። ማን ይሸከመው ሲባል ከኋላ አንድ ሽማግሌ «መታ ኢረ ካኢ!» ብለው ጮኹ፤ በራስህ ላይ አድርገው ማለታቸው ነው። ሰው ተቀበላቸው። ካድሬው አላዘዘም፤ አልከለከለምም። አብተው ቆርቆሮውን በራሱ ላይ አድርጎ በገበያው መሃል ወጣ። ክዳኑን ያላላችው አሰለፈች ትሁን አትሁን አላውቅም፤ ዘይቱ ግን በግንባሩ ወረደ። እሷ ከጎኑ እየሄደች «ቀና በል! ሕዝብ ይይህ!» ትላለች። እኔም በራፌ ላይ አልቀረሁም። አስፋልቱ መሃል ቆሜ «ያን ጊዜ ዘይቱን የሸጥኩላት እኔ ነኝ! በሐቅ ገዝታ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አምስት ዓመት ዘግይቼ ጮህኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስሙ ቤት ቀየረ። አብተው ቆርቆሮ። እሷን የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ በማግሥቱ «ወይዘሮ አሰለፈች» አላት።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቤቷን ተከራይታ መልሳ ከፈተች። አብተው ታስሮ ተፈትቶ፣ ከሥልጣኑ ተሽሮ፣ ከስቶ ነበር። አንድ ረቡዕ መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አባርሪው አልኳት። አላባረረችውም። የሽሮ አልጫ በእኔ ኑግ ሠርታ አቀረበችለት። በላ፤ ሆዱ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መምጣት ጀመረ፤ ከእሷ እጅ በቀር የሚስማማኝ የለም ይላል። በዙሪያው ሾፌሮቹ ቀይ ወጥ እያጠቀሱ ያልባቸዋል። እሱ አልጫውን ይበላል።

አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«እትዬ አሰለፈች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በርበሬ አልቀመስኩም። አሁን ደህና ነኝ። ትንሽ አዋዜ ብነካ ምን ይለኛል?»

የጓዳውን በር ገፍታ፣ ከክበቡ ዘመን ጀምሮ ከግድግዳው ያልተነሣውን የሐኪሙን ወረቀት በጣቷ አሳየችው። ጠርዙ ጠቁሯል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

«ሐኪሙ ከልክሎሃል» አለችው።

አንገቱን ደፍቶ አልጫውን ቀጠለ። ሚጥሚጣውን በልቶ ሳህን የጠረገበት ሐሙስ ትዝ ብሎኝ ተከትያት ጓዳ ገባሁ።

«በርበሬ እንደማያመው ንገሪው እንጂ፣ በቃ» አልኳት። «ስምሽ እንደሆነ ተመልሶልሻል።»

«ስሜ ተመልሷል» አለች። «አምስቱን ዓመት ማን መለሰልኝ?»

ከዚያ አዋዜውን በጭልፋ አወጣችና፣ ከእሱ አጠገብ ላለው ጠረጴዛ ሞልታ ይዛ ወጣች።