ጠበል የተረጨው ሞንታርቦ

ፋንቱ ቀለመ ወርቅ ግትር ናት። ይህን የምለው ላማት አይደለም። የሷ ሱቅና የኔ የልብስ ስፌት ቤት አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ ግትርነቷን በጭቃው በኩል ስሰማው ኖሬያለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ያገሬ ሰው። ፋንቱ ሞኝ አይደለችም፤ የያዘችውን ግን አትለቅም። ነፋስ መውጫ ውስጥ ያንን ጥቁር ካሴት እንድትጥል ያልለመናት፣ ያልመከራት፣ ያልተቆጣት ሰው ካለ ያኔ ያልተወለደ ነው።

ሥራዋ ሞንታርቦ ማከራየት ነበር። ሠርግ የደገሰ፣ ስብሰባ የጠራ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያዘጋጀ ሁሉ ወደሷ ነው የሚመጣው። ሁለት ቁመተ ረጃጅም ድምፅ ማጉያ፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ቴፕና መብራት ሲጠፋ የሚያጓራ ጄኔሬተር ነበራት። ባል አግብታ ፈትታለች፤ ለምን ብዬ ስጠይቃት «ሬዲዮ ከጣቢያው ሳይገባ እየተንጫረረ ይሰማ ነበር» አለችኝ። ሌላም ምክንያት ሳይኖር አይቀርም፤ እኔ ግን ይኸኛውንም አምናለሁ።

ካሴትም ትቀዳ ነበር። ሰው ከጎረቤቱ የተዋሰውን ይዞ «ቅጅልኝ» ሲላት መጀመሪያ ታዳምጠዋለች። የቅጂ ቅጂ ሆኖ ካገኘችው ትመልስለታለች። «ይሄ ዘፈን ሞቷል፤ እኔ ሬሳ አልገለብጥም» ትላለች። ደንበኛው ተሳድቦ ይሄዳል፤ ከዚያ ደግሞ ሠርግ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱም በሌላ ሰው ሞንታርቦ ሙሽራውና ጄኔሬተሩ አይለዩም።

ጥቁሩን ካሴት የተወላት የውሃ ጉድጓድ ሊቆፍር የመጣ ፈረንጅ ነው። የመኪናው ቴፕ ካሴቱን ቆርጥሞበት ወደሷ ሱቅ ይዞት መጣ። ክሩን ቀስ አድርጋ አውጥታ፣ የተበጠሰውን ቀጥላ መለሰችለት። ብዙም የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ እሱ ጆሮውን በጣቱ እየነካ፣ እሷ ራሷን እየነቀነቀች ተግባቡ። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ሦስት ካሴት ሰጣት። ሦስቱም ሜታል የሚሉት የጩኸት ሙዚቃ ነው። የጥቁሩ ሽፋን ላይ ደግሞ ቀንዳም የራስ ቅል ተስሎበታል። መከራዋን ያመጣባት እንግዲህ ሥዕሉ ነው፤ ሙዚቃውንማ ከፍቶ የሰማው ማን አለና!

እኔ ሰምቼዋለሁ። አንድ ቀን ከስፌት መኪናዬ አስነሥታ፣ ሱቋ ውስጥ አስቀምጣ ሦስቱንም በተራ አሰማችኝ። የመጀመሪያው ሁሉም ባንድ ላይ የሚጮኹበት፣ ገበያ ውስጥ የተጣሉ ሰዎች የሚመስል ነው። «ተጫዋቾቹ ጎበዞች ናቸው፤ የቀዳቸው ሰው ነው የገደላቸው» አለችኝ። ሁለተኛው ይሻላል፤ ከበሮው ግን ቆርቆሮ ነው። ከዚያ ጥቁሩን አስገባች። «አሁን ከበሮውን ብቻ ስማ» አለችኝ፤ ሰማሁ። «አሁን ደግሞ ከሥር የሚሄደውን ወፍራሙን ጊታር» አለችኝ፤ እሱንም ሰማሁ። ሰውየው እየተቆጣ ነው የሚዘፍነው፤ በምን እንደተቆጣ አላውቅም፤ ግን ሁሉም በየቦታው ቆሟል፤ አንዱ አንዱን አይረግጥም።

«መቆጣትማ ማንም ይቆጣል» አለችኝ፤ «ቁጣን እንዲህ አጥርቶ መቅዳት ነው ከባዱ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሚዛኗ ጥቁሩ ካሴት ሆነ። ሞንታርቦው ከሱቅ ከመውጣቱ በፊት እሱን ትከፍትና የአምፕሊፋየሩን መዘውሮች ትነካካለች፤ ከበሮው ከበሮ፣ ጊታሩ ጊታር እስኪሆን አትለቅም። ሲስተካከልላት ታወጣዋለች። ከዚያ በኋላ የሙሽራ ዘፈንም ይሁን የወረዳ ስብሰባ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሠርገኛው ይጨፍራል፤ ድምፁ በምን እንደጠራ አይጠይቅም።

«አይረግጥም» የሚለውን ቃል ያገኘችው ካባቷ ነው። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አርብ ገበያ አጠገብ ባለ ደብር አቋቋም ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። ተማሪ ከበሮውን ሲያበዛው «ዜማውን ረገጥኸው!» ብለው በመቋሚያቸው ወለሉን ይመቱ ነበር። ፋንቱ ይህን በአጥር ውስጥ ሆና እየሰማች ነው ያደገችው። ዓይናቸው ሲደክም፣ ጉልበታቸውም ሲከዳቸው ልጃቸው ዘንድ፣ ከሱቋ ጓዳ ገቡ። እኔ እያለሁ ጥቁሩን ካሴት አሰማቻቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው አዳመጡና «ጩኸት ነው» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ከበሮ መቺው ግን ማንንም አይረግጥም» አሉ። ሌላ ጊዜ እንድትከፍትላቸው አልጠየቁም፤ ዝጊም አላሏትም።

ነገሩ የመጣው በኅዳር ነው፤ ሚሊኒየሙ ሊገባ ዓመት ሲቀረው። ትልቅ ጉባኤ ተጠርቶ ፋንቱ ሞንታርቦውን እንድትተክል ተጠየቀች። እንደ ልማዷ ጠዋት ሱቋ ውስጥ በጥቁሩ ካሴት ሞከረችው። ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከፍታው አታውቅም፤ ሥርዓት ታውቃለች። ግን ያን ጠዋት ጋሼ ጣሰው ባጠገቧ አለፉ። ጋሼ ጣሰው የዕድራችን ሰብሳቢ፣ የጉባኤውም አስተናባሪ ናቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ያላወቁትን ነገር ሲያዩ ግን ዝም ብለው ማለፍ አይሆንላቸውም። ቀንዳሙን የራስ ቅል አዩት።

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተቀምጧል፤ አምፕሊፋየሩ በርቷል፤ ማይኩ ተከፍቷል። ጋሼ ጣሰው አባ እንድርያስን ይዘው መጡ። አባ እንድርያስ ደግ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። በመስቀላቸው ባረኩ፤ ከያዙት ጆግ ጠበል በጣታቸው ረጩ። ይህ ማንንም አይጎዳም ነበር።

«ከላይ ብቻ አይበቃም፤ ጋኔኑ ውስጡ ነው ያለው!» አሉ ጋሼ ጣሰው። ጆጉን ተቀብለው በአምፕሊፋየሩ መተንፈሻ ቀዳዳ ሙሉውን አንቆረቆሩበት።

ሞንታርቦው ሲ-ይ-ይ-ይ ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጧ! አለና ጭስ ወጣ።

«ወጣ! ወጣ!» አሉ ጋሼ ጣሰው ጆጉን እንደያዙ። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ሰው ይሰግዳል፤ ሰው ያለቅሳል፤ «ስሙን ሲናገር ሰማሁት» ያለም አለ። በዚያ ሁሉ መሀል ፋንቱ «አይንኩት! ኮረንቲ ነው!» እያለች በሰው ላይ ተንደርድራ ሶኬቱን ነቀለችው። ጋሼ ጣሰው እርጥብ እጃቸውን ብረቱ ላይ ሊያሳርፉ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ከሞት ያተረፈቻቸው እሷ ናት፤ ይህን ያየ ሰው ግን ከኔ በቀር የለም። ካየም አልተናገረም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል!

በሳምንቱ የዕድሩ ሽማግሌዎች ሱቋ ድረስ መጡ። ጋሼ ጣሰው በለዘበ አንደበት ነው የጀመሩት።

«አንቺ ልጅ፣ እግዜር ይመስገን ወጥቶልሻል። አሁን የሚቀርሽ ትንሽ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካሴቱን ይዘሽ መጥተሽ፣ ጋኔን ነበረበት፣ በጠበል ወጣልኝ ብለሽ ትመሰክሪያለሽ። ካሴቱ ይቃጠላል። በቃ።»

«ያልነበረ ነገር ነበረ ብዬ አልመሰክርም፣ ጋሼ።»

«ጠበሉን ታሚያለሽ?»

«ጠበልማ እኔም እጠመቃለሁ። አምፕሊፋየር ግን ክርስትና አልተነሣም፤ ምን ያጠምቁታል?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጋሼ ጣሰው ግን አልሳቁም። ካልመሰከረች ከዕድር እንደምትወጣ ነግረዋት ሄዱ።

ከዕድር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ላላወቀ ሰው ልናገር። ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ያንን የሚከለክል የለም። የሞት ጡሩምባ የሚያስነፋው፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ አስከሬን የሚሸከም ሰው የሚያሰልፈው ግን ዕድር ነው። መሪጌታ በዚያ ጊዜ ከአልጋ መነሣት አቁመው ነበር። ዕድርተኛዋም እሷ እንጂ እሳቸው አይደሉም። ስለዚህ እንደ መያዣ የተያዘባት እሳቸው ነበሩ። ያን ሁሉ ሰው ያስተማሩ ሊቅ እንደ ባይተዋር በአራት ሰው ተሸፋፍነው ሊቀበሩ ነው፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

መሪጌታም ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ግድግዳው አሰማኝ።

«ልጄ፣ በቃ እሺ በያቸውና ተገላገይ። ቃል ናት፤ ምን ትጎዳሻለች?»

«አባባ፣ አንቱ ተማሪ ሲስት እያወቁ ልክ ነው ብለው ያውቃሉ?»

«ዜማ ሌላ ነው።»

«የኔም ዜማ ይኸው ነው።»

በኋላ መሪጌታ «ግትር!» ሲሉ ሰማሁ፤ ሲስቁ ይሁን ሲያዝኑ በግድግዳ መለየት አልቻልሁም።

እሑዱ አለፈ፤ ፋንቱ አልሄደችም። ጥር ገባ፤ ሠርጉ ሁሉ ከሌላ ከተማ ባመጡት ማጉያ እየተንጫረረ አለቀ። አንዲት ሙሽራ ስትሞገስ ስሟ እንኳ አልተሰማም። ፋንቱ ግን ሱቋን ዘግታ አምፕሊፋየሯን ስትፈታ፣ ስትወለውል፣ የተቃጠለውን ስትለውጥ ሰነበተች። «ለማን ትከፍችዋለሽ?» ስላት «መሥራቱን ይሥራ» አለችኝ። ተስፋ የቆረጠች መስሎኝ አዘንሁላት።

ጥር ሊወጣ ሲል፣ በገበያ ቀን ማለዳ፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አረፉ።

ድምፅዋን ሰምቼ ስገባ ዓይናቸውን ከድናለች። እኔ ተንደርድሬ ጋሼ ጣሰው ቤት ሄድሁ። ጡሩምባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «ያችን ቃል ትበል፤ አሁኑኑ ይነፋል» አሉኝ። «አስከሬን ፊት?» አልኋቸው። መሬት መሬት አዩ፤ ግን ጡሩምባውን አላወረዱትም። ተመልሼ ለፋንቱ መንገሩ እንዴት እንደከበደኝ!

ሰማችኝ፤ አልተሳደበችም። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ «መሰላል አምጣ» አለችኝ። ሁለቱን ማጉያዎች የሱቁ ቆርቆሮ ላይ ወጥተን አሰርናቸው፤ ፊታቸውን ወደ ገበያው አዞርናቸው። ወርዳ ቴፑን ከፈተች። ጥቁሩን ካሴት ስታስገባ እጄን ራሴ ላይ ጫንሁ።

«ፋንቱ! አስከሬን ቤት ውስጥ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ያባቴን ስም በሚንጫረር ድምፅ አልጠራም።»

ከበሮው ወጣ። ነፋሱ ይዞት ገበያው ላይ አፈሰሰው። ገዥው እጁን ከእህሉ አወጣ፤ አህያ የሚጭነው መጫኑን ተወ። እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ እንባዋ በአገጯ እየወረደ፣ አንዱን መዘውር ነካች፤ ሌላውን ነካች። ጥቂት አዳመጠች። ዘጋችው። ማይኩን አነሣች።

«የነፋስ መውጫ ሰዎች፣ ለገበያ የመጣችሁ የጋይንት ሰዎች፣ ስሙኝ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አርፈዋል። ልጃቸው ፋንቱ ነኝ። ጡሩምባ ተከልክለዋል፤ ስለዚህ እኔ እጠራችኋለሁ። ቀብራቸው ዛሬ በስምንት ሰዓት ነው። መቃብር የሚቆፍር ዶማ ይዞ ይምጣ። ያስተማሩት ይምጣ። መምጣት የፈራ ይቅር፤ እኔና ጎረቤቴ እንሸከማቸዋለን።»

ጎረቤቷ እኔ ነኝ። ሳትጠይቀኝ ነው የጨመረችኝ፤ ደስ አለኝ።

መጀመሪያ የመጡት ዶማ ሊሸጡ ያመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ሸቀጣቸውን ተሸክመው መጡ። ቀጥሎ ካህናት፣ መምህራን፣ ያኔ ተማሪ የነበሩ፣ አሁን ጺማቸው የሸበተ። አባ እንድርያስ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ሲመጡ ልቤ ተነካ። «ቤቴ ድረስ ቃል በቃል ገባ፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም» አሉኝ። እኔማ ድምፁ በምን እንደጠራ ልነግራቸው ፈልጌ ምላሴን ያዝሁ። መንገዱ በሰው ሞላ። እንዲህ ያለ ቀብር ባለሥልጣን ሲሞትም አላየሁም።

ሰዓቱ ሲቃረብ የዕድራችን ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመው መጡ። አባላቱ ራሳቸው ተነሥተው ጋሼ ጣሰውን ከቤታቸው ይዘዋቸው እንደወጡ ያስታውቃል። ጋሼ ጣሰው ከፊት ናቸው። በሕዝቡ መሀል አልፈው ፋንቱ ፊት ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ድንኳኑን አምጥተናል። እንግዲህ አንቺም ይኸው ሰው ሁሉ ባለበት፣ አንዲት ቃል ብቻ…»

ፋንቱ ከአስከሬኑ አጠገብ አልተነሣችም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ጋሼ፣ ድንኳኑ ለአባቴ ከሆነ ይትከሉት። ለእኔ ከሆነ ይመልሱት።»

ሰው ሁሉ ጋሼ ጣሰውን አየ። እሳቸው ወደ አስከሬኑ ተመለከቱ፤ ተሸካሚዎቹን ተመለከቱ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና ካስማ ይመቱ ጀመር።