የይጁቤ አፈር ማኅተም ሲጠብቅ

ሥራነሽ ጌቱ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከሙነወር ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለችው አንዲት ክፍል ተቀምጣ በጸሐፊነት ስድስት ዓመት አገር አገልግላለች። በሩ ላይ «የኒውትሮንና የሲንክሮትሮን ብርሃን ተጠቃሚ ተመራማሪዎች ብሔራዊ ድጋፍ ሰጪ ማኅበር» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ከበሩ ስለሚሰፋ የጎረቤቱን መስኮት እኩሌታ ጋርዷል።

ሙነወር በመጀመሪያው ሰሞን ጠይቋት ነበር።

«ሥራዬ፣ እስቲ አስረጂኝ፤ ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«ባሕር ማዶ ሲንክሮትሮን የሚሉት አንድ ሰፈር የሚያህል ክብ ማሽን አለ፣ ጋሼ ሙነወር። የሚያወጣው ብርሃን ለጉድ ነው። ድንጋይም ይሁን አፈር፣ በዚያ ብርሃን ሲታይ በውስጡ ያለው አንድ በአንድ ይለያል። ኒውትሮን የሚሉትም ያው ውስጥን ለማየት ነው።»

«እኛ ጋ ማሽኑ የታለ?»

«የለም።»

«ታዲያ እናንተ?»

«ተጠቃሚዎቹን እንደግፋለን።»

«ስንት ናቸው?»

ሥራነሽ ሳቀች። ማኅበሩ አሥራ አንድ የቦርድ አባላት፣ አራት ንዑስ ኮሚቴና የአሥር ዓመት ስልታዊ ዕቅድ ነበረው። ተጠቃሚ ግን ገና አልነበረውም።

ባለፈው ግንቦት አንዲት ተገኘች። አመተ ማርያም እንዳላማው የምትባል የአፈር ተመራማሪ ናት። ይጁቤ ያለው የአባቷ ማሳ አሲዳማ ሆኖ፣ ኖራ ቢነሰነስበትም ገብሱ አልነሣ ብሏል። ለሰብሉ ምግብ የሚሆነው ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ ከምን ጋር ተጣብቆ እንደቀረ በዚያ ብርሃን ለማየት ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታ፣ ሁለት ቀን ተፈቀደላት። ያ ሁለት ቀን ካመለጣት ወረፋው እንደገና ከሀ ይጀምራል።

በምትነሣበት ቀን ጠዋት ጣት በምታህል ጠርሙስ አፈሯን ይዛ መጣች። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ማታ ትበራለች። የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካልያዘች ጉምሩክ አፈሩን አያሳልፍላትም። ደብዳቤው ከተጻፈ ሦስት ሳምንቱ ነው። ማኅተሙ ግን ያለው ሊቀ መንበሩ ዶክተር አበባው ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ዶክተር አበባው ደግሞ ሆቴል አዳራሽ «ተጠቃሚዎችን የሚገጥሟቸው መሰናክሎች» የሚል ዓውደ ጥናት እየመሩ ነው።

ሁለቱ ሴቶች በሻይ ሰዓት ደረሱባቸው።

«ዶክተር፣ ይቺን ብቻ ይምቱልን» አለች ሥራነሽ።

«ምን ነካሽ ሥራነሽ፣ ቆሞ የሚመታ ማኅተም አለ እንዴ? ንዑስ ኮሚቴው ይየው።»

«ንዑስ ኮሚቴው ያውና ሳምቡሳ እየበላ ነው።»

«ለሻይ ነዋ የወጣው! ለስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያስፈልገዋል። ከነገ ወዲያ ተመለሱ።»

«ከነገ ወዲያ እኮ እዚያ መገኘት አለብኝ፣ ዶክተር» አለች አመተ ማርያም።

ዶክተሩ ከልባቸው አዘኑ። «አየሽ፣ እኛም እኮ ዛሬ የምንወያየው ይህንኑ ነው! ከሰዓት በኋላ ችግርሽን መድረክ ላይ አቅርቢልን። ግሩም ምሳሌ ይወጣሻል።»

አመተ ማርያም ጠርሙሷን ጨብጣ ግድግዳውን ተደገፈች። ሥራነሽ ግን ዓይኗን ሥራ ፈቶ ከቆመው ካሜራማን ላይ ጣለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ዶክተር አበባው ደብዳቤ በወሩ ሲፈርሙ አላየችም፤ ሪባን ቁረጡ ተብለው እምቢ ሲሉም አላየችም። የቢሮዋን ማተሚያ እንኳ ንግግር አድርገው ነው የመረቁት።

ሮጣ ወደ ሱቁ ወረደች።

«ጋሼ ሙነወር፣ ቀይ ሪባን ሁለት ሜትር! ቶሎ በሉ!»

«ደግሞ ምን ሊመረቅ ነው?»

«እፍኝ የማይሞላ አፈር።»

«እሰይ! ማሽኑ ሳይመጣ አፈሩ ተመረቀ?» እያለ ቆርጦ ሰጣት።

አምስት ሰዓት ላይ የመድረኩ አስተዋዋቂ ሥራነሽ ያቀበለችውን ወረቀት አንብቦ «የመጀመሪያው አገራዊ ናሙና የሽኝት ሥነ ሥርዓት» ብሎ አወጀ። ጠርሙሷ ሪባን ታጥቃ ነጭ ጨርቅ ላይ ቆመች። ዶክተሩ ከረባታቸውን አቃንተው፣ ብርሃን ከተፈጠረበት ዕለት ጀምረው ተናገሩ። አመተ ማርያም ሰዓቷን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ሪባኑ ተቆረጠ።

«ማኅተሙንም በካሜራ ፊት ቢያደርጉት ያምራል፣ ዶክተር» አለች ሥራነሽ ደብዳቤውን እያነጠፈች።

ማኅተሙ ከቦርሳ ወጣ። መቱ። ካሜራማኑ አልያዘውም፤ ደገሙ። አንድ እጅ ከለለው፤ ሠለሱ። የአዳራሹ ጭብጨባ ሳያባራ አመተ ማርያም በሩ ጋ ደርሳ ነበር። መኪናው ሞተር አስነሥቶ አገኘችው።

በሦስተኛው ቀን ለሥራነሽ መልእክት ደረሳት፦ «እትዬ ሥራነሽ፣ የአባዬ አፈር ብርሃኑ ውስጥ ገባ። የጉምሩኩ ሰው ሦስት ማኅተም ሲያይ ወንበር ሰጠኝ።»

የማኅበሩ ዓመታዊ ሪፖርት «መሰናክሉ በሰዓታት ውስጥ ተፈታ» ይላል፤ ሽፋኑ ላይም ዶክተሩ መቀስ ይዘው ይታያሉ። መስከረም ላይ ሁለተኛው ተጠቃሚ ደረጃውን ሲወጣ፣ ሙነወር ከታች አንጋጦ ተጣራ።

«ሥራዬ! ስንት ሜትር ልቁረጥ?»