ጡብ እያንኳኩ የሚመርጡት አማቴ

ያን ጠዋት የጎመን መደቤን እየኮተኮትሁ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ልጄ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ካረፉ ገና ወራቸው ነው። ቢቸና ላይ ትምህርት ቤት ሲሠራ የተረፈውን ጡብ አምጥተው መደቡን ዙሪያውን በክብ ሲያጥሩልኝ ነበር፤ ሳይጨርሱት ሞቱ። ክረምቱ ደርሷል፤ ክፍቱ ካልተዘጋ ጎርፉ አፈሩን ከነጎመኑ ይወስደዋል።

እሳቸው እያንዳንዱን ጡብ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጣታቸው ያንኳኩት ነበር። የበሰለው ይጮኻል፤ ጥሬው ዝም ይላል፣ ዝናብ ሲያገኘውም ጭቃ ይሆናል። ለመታጠፊያው ደግሞ ግማሽ ግማሹን ነው የሚፈልጉ፤ ሙሉው አይዞርም። አንድ ቀን «እስቲ አንቺ ምረጪ» አሉኝ። አንኳኳሁና «ይኼ ይጮኻል፣ አባባ» አልሁ።

«የጮኸውስ ቀለበትሽ ነው! አውልቂና ምቺው» ብለው ሳቁብኝ። አውልቄ ብመታው ዝም አለ።

ያን ጠዋትም ቀለበቴን መቀነቴ ላይ ቋጥሬ፣ የቀረውን ጡብ እያንኳኳሁ መረጥሁ። ክፍቱን ዘጋሁት። ቀና ስል ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። «ኳኳታውን ሰምቼ፣ አማትሽን እንዴት አደሩ ልላቸው እኮ ነው የመጣሁ።»