ወደ አዋሽ ለመሄድ የሚበቃ ምክንያት

ጎንደር ውስጥ ሰው ያለ ምክንያት መንገድ አይወጣም። ለሠርግ ይወጣል፣ ለንግሥ ይወጣል፣ ለሐኪም ይወጣል፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ይወጣል። አንድን ነገር ለማየት ብቻ ብሎ መነሣት ግን የፈረንጅ ሥራ ነው፤ ፈረንጅ ደግሞ ሌላ ሥራ የለውም ተብሎ ስለሚታሰብ ይቅር ይባላል። የፋሲልን ግንብ አጥር ተደግፈው ዕድሜ ልካቸውን ሲነግዱ የኖሩ፣ ከትምህርት ቤት ጉብኝት ወዲህ ግን በሩን ያልረገጡ ሰዎች አውቃለሁ። ለምን እንደማይገቡ ሲጠየቁ «የት ይሄድብኛል?» ይላሉ። ግንቡ የትም እንደማይሄድ እርግጠኞች ናቸው። እነሱ እንደሚሄዱ ግን ትዝ አይላቸውም።

ባለቤቴ የዚሁ ከተማ ልጅ ሆና ሳለ ይህን ደንብ ልትጥስ ተነሣች። የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በቀይ ጠመኔ ከቀይ ባሕር እስከ ሞዛምቢክ አንድ መስመር ትስባለች፣ «ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ይህ ነው» ትላለች፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል፣ መስመሩ ይጠፋል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትስበዋለች። ሸለቆውን በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላ ጉልበቷን ያማት ጀመር። የመረመራት ወጣት ሐኪም «ጉልበትዎ መጀመሪያ የሚከለክልዎት ቁልቁለትና ደረጃ ነው፤ የሚሄዱበት ካለ ዘንድሮ ይሂዱ» አላት። ልጁ ምናልባት ገበያ ማለቱ ነበር። እሷ አዋሽ አለች።

አዋሽ ፓርክ በረሃ መሐል የተሰነጠቀ ጥልቅ ገደል ያለበት ቦታ ነው። ወንዙ ከገደሉ ሥር ይሄዳል፣ ፏፏቴ አለው፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ሳላ የሚባል፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ የዱር እንስሳ ይግጣል። ባለቤቴ ካርታውን የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘርግታ ሰነበተች። እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በአውቶቡስ። «አፋፉ ላይ ቆሞ መመለስ አልፈልግም» አለችኝ። «ግርጌው ወርጄ ወደ ላይ ማየት ነው የምፈልገው።»

እኔ የጉዞ ወዳጅ አይደለሁም። የተጓዦችን መጻሕፍት ከሚገባው በላይ አንብቤአለሁ፤ ሁሉም ገደል አፋፍ ላይ ይቆማሉ፣ የሰው ልጅ ትንሽነት ይገባቸዋል፣ ከዚያ ስለ ትንሽነታቸው ወፍራም መጽሐፍ ይጽፋሉ። ግን ያን መስመር ያን ያህል ዓመት የሳበች ሴት አንድ ጊዜ ልትረግጠው ብትፈልግ መብቷ ነው ብዬ ተስማማሁ። ጊዜውንም በደንብ መረጠች፤ ዝናቡ አልፎ፣ ሙቀቱ ሳይጠና፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ።

ችግሩ ኅዳር ላይ ማኅበር የማብላት ተራው የኛ መሆኑ ነው። በየወሩ በሚካኤል ቀን እየተሰበሰብን ጠላና ዳቦ የምንቀምስበት ማኅበር አለን፤ ከጸሎቱ ወሬው ይበዛል። ባለቤቴ ተራዋን ከሌላ ሰው ጋር እንዲለዋውጡላት መጠየቅ ነበረባት። እዚያ ላይ ትልቁን ስሕተት ሠራች። እውነቱን ተናገረች።

የማኅበር መሪ ሙሴ ይባላል። የኛው ሙሴ የእህል ንግዱን ለልጆቻቸው የለቀቁ አዛውንት ናቸው፤ ሕዝባቸውን ከአራዳ ገበያ አሻግረው አያውቁም።

«ምነው መምህርት፣ ታመምሽ እንዴ?» አሏት።

«ኧረ ደኅና ነኝ። መንገድ ልሄድ አስቤ ነው።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ አያ።»

«እንግዲያ ሠርግ ነው።»

«አይደለም። የአዋሽን ገደል ለማየት ነው።»

ጽዋውን ይዘው የነበሩት ቄስ ከአፋቸው መለስ አደረጉት። መጀመሪያ የተናገረችው የግድግዳ ጎረቤታችን ናት፤ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነች፣ ድምፅዋም ከገጠር እንደመጣ ነው።

«ገደል? ገደል ለማየት ነው ያን ያህል አገር የምትሄጅ? ሊማሊሞ ምን ጎደለው? ወደ ዛሪማ ስትወርጂ እስኪያጥወለውልሽ ድረስ ገደል ነው።»

«የዚያኛው አፈጣጠሩ ሌላ ነው» አለች ባለቤቴ። የክፍል ድምፅዋ መጣ። «ያኛው መሬት የተሰነጠቀበት ነው።»

«የተሰነጠቀ መሬት እኛም ጓሮ አለ። ደግሞስ ቆላ አይደል? ወንድሜን አታስታውሽውም? መተማ ለሰሊጥ ወርዶ ንዳድ ይዞት ሲመጣ፣ አልጋው ከሱ ጋር ይንቀጠቀጥ አልነበር?»

«አዋሽና መተማ እኮ…»

«ቆላ ቆላ ነው፣ እቴ።»

ከዚያ የመንገዱ ነገር ተነሣ። በዚህ ዘመን «መንገዱ እንዴት ነው?» ከ«እንዴት አደርክ?» የቀደመ ሰላምታ ሆኗል። በአየር እንደምንሄድ ብንናገርም መንገዱ ላይ ረዘም ያለ ውይይት ተደረገ። በመጨረሻ ሙሴው እጃቸውን አነሡ። መምህርትን ብቻዋን በረሃ መስደድ ለማኅበሩ ነውር ነው አሉ።

«ብቻዬን አይደለሁም። ባለቤቴ አብሮኝ ነው።»

ወደ እኔ በሐዘኔታ አዩ። «እሱማ ያነባል» አሉ።

ስለዚህ ማኅበሩ በሙሉ እንዲሄድ ተወሰነ፤ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴም ተመረጠ። በአገራችን አንድን ነገር በአክብሮት መቅበር ሲያስፈልግ ኮሚቴ ይመረጥለታል። የኮሚቴው የመጀመሪያ ግኝት ጉዞው ምክንያት የለውም የሚል ነበር። ማኅበርተኛ ገደል አየሁ ብሎ አይመለስም፤ በዚያ አቅጣጫ ንግሥ ያለው ገዳም ይፈለግ፣ ገደሉ በመንገድ ከተገኘ ይታያል ተባለ። ባለቤቴ ገዳም ስትስም ያደገች ሴት ናት፤ ግን ገዳም ልሳለም ስትል ገዳም፣ ገደል ልይ ስትል ገደል ማለቷ ነበር። ይህን ያህል ግልጽ ነገር ለማስረዳት ሞከረችና ተወችው።

ሁለተኛው ሥራ ቀን መምረጥ ነበር። የኛን የዘመን አቆጣጠር እንደዚያ ወር ተመራምሬው አላውቅም። ኅዳር ሲጋመስ የነቢያት ጾም ይገባል፤ በጾም ሽርሽር የለም። ከገና በኋላ ጥምቀት ነው፤ በጥምቀት ዓለም ወደ ጎንደር ሲመጣ ጎንደሬ ከጎንደር አይወጣም፣ ያልጠራውን እንግዳ ሲያስተናግድ ይከርማል። የጥር ትርፍ ቀናት የሠርግ ናቸው። ከዚያ ነነዌ፣ ከነነዌ ዐቢይ ጾም፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሠርግ፣ ግንቦት ላይ ቆላው እሳት ነው፣ ሰኔ ሐዋርያት፣ ክረምት ጭቃ፣ ነሐሴ ፍልሰታ፣ መስከረም ዘመን መለወጫና መስቀል። ጥቅምት ባዶ ይመስል ነበር፤ ቄሱ የጽጌ ጾም መሆኑን አስታወሱ። ኮሚቴው በዓመቱ ውስጥ ጎንደሬ በነፃነት አንድ ነገር ሄዶ የሚያይበት ሳምንት እንደሌለ አረጋገጠ። እኔ በበኩሌ ይህ ሁሉ ቀን የተያዘው በእግዚአብሔር ነው ብዬ አላምንም። ቀን የያዙት ሰዎች ናቸው፤ እሱን ምስክር ይጠሩበታል።

ኅዳር አለፈ። ማኅበሩን አበላን። ጥምቀት መጥቶ አለፈ፣ እንግዶቻችንም ሄዱ። ባለቤቴ የቤታችንን ደረጃ በጎን መውረድ ጀመረች፤ መጀመሪያ አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን አጠገቡ፣ እንደ ሕፃን። ካርታውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ዝም ብለን እንሂድ» አልኳት አንድ ጠዋት። «ማንን ነው የምናስፈቅደው?»

«ስመለስስ? የት ነበርሽ ሲሉኝ?»

«ገደል በይ።»

«አንተ ይቀልልሃል» አለች። «አንተን ጥንትም እብድ ይሉሃል። እኔን የሚቀብሩኝ እነሱ ናቸው።»

ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ስለ ነፃነት ብዙ ይላሉ፤ ሬሳውን ማን እንደሚሸከም ግን አይናገሩም።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ማኅበር ጎረቤታችን ትክል ድንጋይ ከተማ ለቅሶ ደርሳ መመለሷን ታወራ ነበር። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ የቀረው ምን ፊት ይዞ እንደሚኖር። ባለቤቴ ዳቦዋን እየቆረሰች ድንገት፣

«እኔም ያልደረስኩት ለቅሶ አለብኝ» አለች።

«የማን?» አሉ ሙሴው።

«የአክስቴ ልጅ ባል። ካቻምና ነው ያረፈው።»

«ካቻምና ሞቶ እስካሁን?»

«ሩቅ ሆኖብኝ ነው። መተሐራ ናቸው።»

«መተሐራ የት ነው?»

«ከናዝሬት ወዲያ ነው፣ አያ።»

ወደ እኔ አላየችም። እኔም ዳቦዬን አየሁ። መተሐራ ከፓርኩ በር ላይ የተቀመጠች የሸንኮራ እርሻ ከተማ ናት፤ በዚያ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቁት ጂኦግራፊ ያስተማረችውና እሷን ያገባው ብቻ ነበሩ። የተናገረችው ቃል አንዱም ውሸት አልነበረም። ሰውየው ሞቷል፣ ሚስቱ የጎንደር ልጅ ናት፣ ለቅሶውም አልተደረሰም።

ቤቱ በተግሣጽ ተነሣባት። እንዴት ያለ ጭካኔ ነው? ያቺ የሰው አገር ያለች ሴት ምን ትላለች? የገደሉን ጉዳይ ወራት ያጠናው ኮሚቴ ይህን ጠላ ሳይደገም ጨረሰው። ቄሱ ያዘነን ማጽናናት ቀን አይመረጥለትም አሉ። መንገዱን የጠየቀ አልነበረም። ግንቦት ላይ ቆላው እሳት መሆኑን አነሣሁ፤ ክፋት ይዞኝ ነው።

«ሙቀቱ ለጉልበቷ ሸጋ ነው» አለች ጎረቤታችን።

«ንዳዱስ?»

«ምነው? አንት ሰው፣ ለቅሶ ለሚሄድ ንዳድ ምን አለው?» አለችና በማግሥቱ ለሐዘንተኛዋ የሚሰጥ ድርቆሽና በርበሬ ቋጥራ መጣች። ማኅበሩ አብሮን እንዲሄድ ሐሳብ ያቀረበ የለም። የሸኙን ግን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ነው፤ ሟቹን እንደሚያውቁት ያህል ፊታቸውን አጨፍግገው።

መተሐራ ስንደርስ ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከበሩ እያለቀሰች ገባች። የማስመሰል ለቅሶ ይሆናል ብዬ የፈራሁት እኔው ነኝ። ሁለቱ ሴቶች አንገት ለአንገት ተያይዘው ረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ልጆች ሆነው አንድ ጓሮ የተጫወቱ ናቸው። ከዚያ ተቀመጥን። ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተጭኖን፣ ጎረቤት ሲገባ እየተነሣን፣ ሲወጣ እየተቀመጥን፣ ሟች እንዴት ያለ ሰው እንደነበረ ስንሰማ ዋልን። በማግሥቱም እንዲሁ። ባለቤቴ አመሻሽ ላይ በሩ ላይ ቆማ ፓርኩ ወዳለበት አቅጣጫ ታያለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ለቅሶ መጥቼ ገደል ልይ ብላ እንዴት ትናገር? ኮሚቴው ጎንደር ቀርቷል ብዬ ነበር፤ ለካ ይዛው መጥታለች። ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን የአክስቷ ልጅ ጠየቀቻት።

«ምንድን ነው በዚያ በኩል የምትፈልጊ?»

ባለቤቴ ለሁለተኛ ጊዜ እውነቱን ተናገረች። ገደሉን፣ ጠመኔውን፣ ጉልበቷን፣ ኮሚቴውን ሳይቀር። ሐዘንተኛዋ እንባ ባሳበጠው ዓይኗ እስኪያስላት ሳቀች።

«እኔስ? ሙሽራ ሆኜ ነው እዚህ የመጣሁ። ሳላውን በአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ። ገደሉን አላየሁትም። እሱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሥራ ይወጣል፣ ይገባል። እኔ ምን ልሥራ ብዬ ልሂድ? ሰው ቢያየኝስ?»

«አሁንስ ቢያዩሽ?»

«አሁንማ የመጣልኝን እንግዳ እየሸኘሁ ነው» አለችና ጥቁር ነጠላዋን አነሣች። የዚያ አገር ሰው የኛው ሰው ነው ማለት ነው።

መኪና ተከራይተን ሄድን። አፋፉ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ለገደሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ስልካቸውን እያዩ ይስቁ ነበር፤ ያን ያህል መንገድ የመጡት ፊታቸውን ሊያዩ ነው። ከሥራቸው መሬቱ ተቆርጦ ይወርዳል፣ ጥቁርና ቡናማ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ፣ ከታች ወንዙ ቡና በወተት መስሎ። አጅቦን የመጣው የፓርኩ ጠባቂ ወደ ታች የሚወስደውን ቀጭን መንገድ አሳየንና የባለቤቴን እግር አይቶ «ከዚህም ደኅና ይታያል፣ እናቴ» አላት።

እሷ የአክስቷን ልጅ እጅ ይዛ መውረድ ጀምራ ነበር። በጎን፣ አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን አጠገቡ። ጥቂት ወርዳ ቆመችና መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። የክፍል ድምፅዋ ከታች መጣ፤ «ይኸ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ ይኸኛው ከሱ በኋላ የመጣ ነው፣ ታያለሽ መስመሩን?» ጥቁር የለበሰችው ሴት መስመሩን በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ እንደገና ወረዱ። የመንገዱን አጋማሽ አልፈው እንኳን አልቆሙም። ጠባቂው ወደ እኔ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀ።

«መውጣቱ ይከብድሻል» ብዬ ጮህኩባት።

ቀና አላለችም። «መውጣቱን ስወጣ አስበዋለሁ» አለች፤ የሚቀጥለውን ድንጋይ በእግሯ እየፈለገች።