የእትዬ ዘነበች የእንሰት ቃጫ ሞዴስ

ዛሬ ቦንጋ ከተማ፣ አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ እትዬ ዘነበች የኃላፊውን ብርጭቆ ውሃ አንስተው ራሳቸው በሠሩት ሞዴስ ላይ ደፉት።

ከዚያ ሞዴሱን ማመልከቻቸው ላይ ዘቅዝቀው ያዙት። አንዲት ጠብታ አልወረደችም!

እትዬ ዘነበች የእጅ ሥራ መምህርት ናቸው። ሴት ተማሪዎቻቸው በየወሩ ከትምህርት ሲቀሩ አላስችል ብሏቸው፣ የእንሰት ቃጫ ቀቅለውና ደብድበው በጥጥ ጨርቅ ሰፉት። እጃቸው ይባረክ!

ዛሬ የመጡት ለፈጠራቸው የባለቤትነት መብት፣ ለፓተንት፣ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጠይቁ ነው፤ እኔ ጎረቤታቸው አጀብኳቸው።

ኃላፊው ውሃው እስኪደፋ ድረስ አፍረው ጣሪያውን ነበር የሚያዩት። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ መስኮቱን።

ኃላፊው ደብዳቤውን ፈረሙ። ልንወጣ ስንል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሴት ልጅ አለችኝ፤ ለእሷ የሚሆን ይተርፍዎታል?» አሉ።

እትዬም፣ «ይተርፈኛል። ጣሪያ እያዩ ግን አልሰጥዎትም!»

በእናንተ ሰፈርስ እንዲህ ያለ ባለሙያ አለ? እስቲ ጻፉልን፤ ጣሪያ ሳታዩ።